የአንድ ቀን ጥርስ

«ልጅቷስ ወርቅ ናት። ቤተሰቧም ጨዋ ነው፤ ክፉ የሚያወራባቸው የለም» አለች ሴትየዋ። «ጥርሷ ግን፣ አላህ ይቅር ይበለኝና፣ የወተት ጥርሷን ሳትነቅል ያደገች ነው የምትመስለው። ፎቶ ላይ አፏን ካልዘጋች የልጄ ሠርግ የመዋዕለ ሕፃናት ምርቃት መሆኑ ነው።»

ወርቅ የተባለችው ልጅ እዚያው ነበረች። ሰይዳ ከተማ ወደብ ጀርባ ባለችው ጠባብ የሴቶች ጸጉር ቤት፣ አንገቷን መታጠቢያው ላይ አስደግፋ፣ ሻምፑ ዓይኗ ውስጥ እንዳይገባ ፊቷን በፎጣ ሸፍና ተንጋላለች። ስሟ ሻዛ ነው። የተናጋሪዋን ድምፅ ገና «ልጅቷስ» ስትል ነበር ያወቀችው፤ የናዚህ እናት ናት። ይህችው ሴት ዛሬ ከአስር ሶላት በኋላ ባሏንና ልጇን አስከትላ ሻዛ ቤት ልትመጣ፣ «ልጃችሁን ለልጃችን» ልትል ቀጠሮ ይዛለች። ጸጉር ሠሪዋ ጁማና ማን ፎጣ ስር እንደተኛ ታውቃለችና መጀመሪያ ሳለች፣ ቀጥላ ማበጠሪያ ጣለች፣ በመጨረሻም ነገሩን ለመሸፈን የጸጉር ማድረቂያውን ለቀቀችው። ማድረቂያው እንደ አውሮፕላን አጓራ። ወዲያው ደግሞ መብራት ጠፋና የቤቱ ድምፅ ሁሉ እርጭ አለ፤ የመዋዕለ ሕፃናቱ ምርቃት የተነገረው በዚያች ጸጥታ ውስጥ ስለነበር አንድ ፊደል እንኳ አልጠፋም።

ሻዛ ፎጣውን ገልጣ «እንደምን አደሩ» ማለት ትችል ነበር። ብዙ ሰው እንደዚያ አደርግ ነበር ይላል፤ ፎጣው ፊቱ ላይ ሲሆን ግን ሌላ ነው። ሆድ ይፍጀው ብላ ተኛች። የናዚህ እናት ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ድረስ ጣፋጭ ቤት ደርሼ ልምጣ ብላ ስትወጣ ሻዛ ተነስታ መስታወት ፊት ቆመች። ጁማና ከኋላዋ ሆና «ስለ ሌላ ልጅ እኮ ነው የምታወራው፣ ስንት ወንድ ልጅ አላት መሰለሽ» ብላ ዋሸች። ለናዚህ እናት ከናዚህ ሌላ ወንድ ልጅ እንደሌላት ሰይዳ ሁሉ ያውቃል። ሻዛ ከንፈሯን ገለጥ አድርጋ አየች። ከላይ በፊት በኩል ያሉት አራት ጥርሶቿ ጤነኞች፣ ነጮች፣ ንጹሖች ናቸው፤ ብቻ ትናንሽ ናቸው። ሁለቱ የመሃል ጥርሶች ከልጅነት ጥርስ እምብዛም አይበልጡም፤ በግራና በቀኝ ያሉት ሁለቱ ደግሞ እንደ ሩዝ ፍሬ ሾጠጥ ያሉ ናቸው፤ በየመሃላቸውም ክፍተት አለ። በምታስተምርበት መዋዕለ ሕፃናት አንዲት የአምስት ዓመት ተማሪዋ፣ ሁለት ጥርሷ የወለቀ ቀን፣ «አስተማሪ፣ ያንቺ መቼ ነው የሚወልቀው?» ብላ ከልቧ ጠይቃታለች። ያን ቀን ስቃ ነበር። እርግጥ እንደ ሁልጊዜው አፏን በእጇ ሸፍና ነው የሳቀችው።

ናዚህን የምትወደው ስለሚያስቃት ነው። የትምህርት ቤቱ ጣሪያ ላይ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ ሊተክል መጥቶ ከመሰላል ላይ ሆኖ ከቀለደው ቀልድ ጀምሮ ይኸው እስከ ዛሬ ያስቃታል፤ እሷም ይኸው እስከ ዛሬ በመዳፏ ውስጥ ትስቃለች። አሁን እናቱ ፊቷን ብታዞርባት፣ ቤቷ ገብታ «ልጄ ሆይ፣ ሌላ እንይ» ብትልስ? ጸጉሯ እንኳ ሳይደርቅ ሻርፗን ጠምጥማ ወጣችና ለእናቷ ደወለች። «ፋውዝ ጋ እየሄድኩ ነው። ጥርሴን ላሠራ ነው። ዛሬውኑ።» እናቷ ሙንተሃ «ዛሬ? እንግዳ እየመጣ?» አለች፤ ከዚያ ግን ለምን ብላ አልጠየቀችም። ይህ ያስገርማል፤ ሙንተሃ ቲማቲም ስትገዛ እንኳ ሻጩን ለምን ቀላ ብላ የምትጠይቅ ሴት ናት።

ዶክተር ፋውዝ የሙንተሃ የአክስት ልጅ ነው። ክሊኒኩ በአሮጌው ገበያ ከቅመም ሱቅ በላይ ስለሆነ የቅርንፉዱ ሽታ ከታች ይሁን ከላይ እስካሁን የለየ የለም። ሙንተሃ እጅጌዋ ላይ ዱቄት እንዳለ እያለከለከች ገብታ ከሻዛ ወንበር አጠገብ ቆመች። ፋውዝ መብራቱን ወደ ሻዛ አፍ አዙሮ ረጅም ጊዜ አየና «እነዚህ እኮ የሚያኮሩ ጥርሶች ናቸው፤ አንድ ቀዳዳ የላቸውም» አለ።

«የማይታይ ነገር ምን ይቦረቦራል!» አለች ሙንተሃ። «ፖርሴሊን አድርግላት። ያ ቴሌቪዥን ላይ ያለውን። ከሁሉ ጥሩውን።»

ፋውዝ አልቸኮለም። ሰውዬው ሲያስረዳ ደስ ይለዋል። ፖርሴሊን እንደ ጥፍር የሚለጠፍ ስስ ሽፋን ነው፣ ያምራል፣ ዓመታት ይቆያል አለ፤ ብዙውን ጊዜ ግን ጥርሱን ከፊት በኩል መሞረድ ይጠይቃል፣ የተሞረደ ጥርስ ደግሞ መልሶ አይበቅልም። ሙሉውን እንደ ቆብ የሚያጠልቁትም አለ፤ እሱማ ጥርሱን ዙሪያውን ልጦ ጉቶ ነው የሚያስቀረው፤ ለተሰበረ ጥርስ እንጂ ለጤነኛ ጥርስ ኃጢአት ነው። በጥርስ ሽቦ ክፍተቱን አስተካክሎ ቀስ ብሎ መሥራትም ይቻላል፤ ሙንተሃ «ስንት ጊዜ ይፈጃል?» ስትለው «ዓመት፣ ዓመት ተኩል» አለ፤ እሷም ሰዓቷን አየች። ሳይሞረድ በጥርስ ቀለም ሙሊት እየደረቡ ማሳደግም አለ። በየጥቂት ዓመቱ ይጠገናል፣ ጠንካራ ነገር አይነከስበትም፣ ከፖርሴሊኑም እጅግ ይረክሳል፣ ካልወደዱትም ይነሳል። «ወይም ደግሞ» አለ ፋውዝ መነጽሩን እያወለቀ፣ «እንዳሉ መተው ነው። እሱንም እንደ ሕክምና ቁጠሩት።»

«እሱን ሃያ ሰባት ዓመት ሞክሬዋለሁ» አለች ሻዛ አፏ በጥጥ እንደተሞላ።

ሙንተሃ አልሳቀችም። ወደ መስኮቱ ዞራ፣ «ፋውዝ፣ ከእኔ ነው አይደል የወረሰችው?» አለች። ሙንተሃም እኮ ጥርሷ ያው ነው። እናትና ልጅ አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው በአንድ ቀልድ፣ ሁለቱም በመዳፋቸው ውስጥ ሲስቁ ነው የኖሩት። ስለዚህ ነገር ግን አንድም ቀን ተነጋግረው አያውቁም፤ ሻዛ እናቷን እንዳታሳዝን፣ ሙንተሃ ልጇን እንዳታስታውሳት። ፋውዝ «ከአንቺ ነው፣ አንቺም ከአባትሽ። ሊሠራልሽ ከፈለግሽ ወንበሩ ባዶ ሲሆን ተቀመጪ» ሲላት «እኔን? እኔን ደግሞ ማን ያየኛል!» ብላ ዱቄቱን ከእጅጌዋ አራገፈች። ሻዛ ጣሪያውን እያየች ዓይኗ እንባ አቀረረ። ፋውዝ መብራቱ የወጋት መስሎት ዝቅ አደረገላት።

በመጨረሻ ፋውዝ «በቁጣ የመጣች ሴት ጥርስ አልሞርድም» ብሎ ቆረጠው። ለዛሬ ናሙና ላድርግላት አለ፤ ሳይሞረድ፣ ከላይ ብቻ የሚለጠፍ፣ ሙሽሮች አይተው እንዲመርጡ የሚያለብሳቸው የሙከራ ጥርስ። ወድዳው ካደረች ሰኞ መጥታ የምትፈልገውን ትመርጣለች። አንድ ሰዓት ያህል ሲያበጅ፣ ሲያደርቅ፣ ሲያለሰልስ ቆየና መስታወት ሰጣት። ሻዛ ጮኸች። መስታወቱ ውስጥ ዜና የምታነብ ሴት ተቀምጣለች። ፋውዝ ጣቱን ቀስሮ፣ «ይህ ናሙና ነው፤ እንደ ሻማ አስቢው። ለስላሳ ነገር ብይ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዘር እንዳትፈለፍዪ» አለ።

«የዱባም?»

«የዱባም፣ የሐብሐብም፣ የሱፍም። ሻዛ፣ አንቺን አውቅሻለሁ።»

ለሰይዳ ሰው ዘር አትፈልፍል ማለት አትተንፍስ እንደማለት ነው። ቴሌቪዥን ሲታይ ዘር፣ ለቅሶ ሲደረስ ዘር፣ ባሕር ዳር ሲቀመጡ ዘር፤ የተቆላውን የዱባ ፍሬ በፊት ጥርስ ጫፍ ቆንጠጥ፣ ቀጭ፣ ፍሬው ወደ ውስጥ፣ ገለባው ወደ ሳህን። ሻዛ ደግሞ በዚህ ነገር የሰፈሩ አንደኛ ናት። ያች ክፍተት፣ ያ ትንሽ ጥርስ፣ ለዘር ልኩ ነው፤ ሌላው ሰው አንዱን እየታገለ እሷ አምስቱን ጨርሳ ወሬውን ታቀጣጥላለች። ቢሆንም ለአንድ ምሽት ምን አለበት ብላ ማለች።

ከአስር ሶላት በኋላ እንግዶቹ ገቡ። ሙንተሃ የሳሎኑን ወንበሮች ሽፋን ገፍፋ፣ ብርቱካን ጭማቂ ቀድታ፣ በቴምር የተሞላውን የማዕሙል ብስኩት ደርድራ፣ በየሰው ፊት የዘር ሳህን አኑራለች፤ ያለ ዘር ሳህን እንግዳ መቀበልማ ስድብ ነው። የናዚህ እናት በሪባን የታሰረ የጣፋጭ ትሪ አቅፋ፣ ጸጉሯ እንደ ዳቦ ተነፍቶ ገባች። ሻዛን ስማ ቀና ስትል አፏ ላይ ዓይኗ ተተከለ። ባለፈው ስታያት እንዲህ አልነበረም። የራሷ ጥርሶች ቤይሩት የተሠሩ፣ እንደ መታጠቢያ ቤት ሸክላ የነጡ ናቸው፤ ስለዚህ ሙያውን ታውቀዋለች፤ ግን ምንም ሳትል ተቀመጠች። ናዚህ ክራቫቱ አንቆት ጥግ ላይ ተኮልኩሏል። ከእነሱ ጋር የናዚህ አባት አክስት ሐጃ ወሲላ መጥተዋል። ሰማንያ ዘልለዋል፤ የፊት ጥርሳቸው ግን አሁንም የራሳቸው ነው፤ ዕድሜ ልክ ዘር የፈለፈሉበት ጫፉ ላይ ቦይ አበጅቷል። ገና ሳይደላደሉ ሳህኑን ሳቡ።

«ሙሽራዋ ለምን አትፈለፍልም?» አሉ ሐጃ ወሲላ ትንሽ ቆይተው።

«ጉሮሮዋን ትንሽ አሟታል» አለች ሙንተሃ።

«ዘር በጥርስ እንጂ በጉሮሮ ይፈለፈላል እንዴ?» ሐጃ ወሲላ መልስ አልጠበቁም፤ አንድ እፍኝ ዘግነው ሻዛ መዳፍ ላይ አኖሩላት። ለናዚህ እናትም እንደዚያው ሰጧት፤ እሷም አመስግና እጇን ጭብጥ አደረገች።

ይህን ጊዜ የናዚህ አባት ተነሱ። ንግግር የሚወዱ ሰው ናቸው። የሻዛ አባት ረሺድም ሲያዳምጡ የሚያንቀላፉ ሰው ስለሆኑ ሁለቱ ተስማሙ። የናዚህ አባት ከፈጣሪ ምስጋና ጀምረው፣ ስለ ጉርብትና፣ ስለ ሁለቱ ቤተሰቦች አያቶች፣ ስለ አንድ በጎርፍ ስለተወሰደ የብርቱካን ማሳ፣ ስለ ጋብቻ ጥቅም ሲያወሩ፣ ጥግ ላይ ያለው ናዚህ ለሻዛ ብቻ በሚታይ ሁኔታ የአባቱን የእጅ አነሳስ ያስመስል ነበር። ሻዛ እሱን እያየች ሳቋን ስታምቅ ጣቶቿ የራሳቸውን ሥራ ጀመሩ። ያደቆነ ሰይጣን ሳያቀስስ አይለቅም። የናዚህ አባት «እንግዲህ በአላህና በነቢዩ ሱና ልጃችሁን ለልጃችን እንጠይቃለን፤ ፈቃዳችሁ ከሆነ ፋቲሃ እንቅራ» ብለው፣ ሰው ሁሉ ቃል ማሠሪያውን ጸሎት ሊቀራ መዳፉን ዘርግቶ ጸጥ ሲል፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። ከዚያ አንድ ነጭ ነገር የሻዛን ጉልበት ነክቶ ዘር ሳህኑ ላይ ቅጭል ብሎ ወደቀ።

ሐጃ ወሲላ ጎንበስ ብለው አነሱት፤ ወደ መብራቱ አቅርበው አዩት። «ጥርስ ነው» አሉ።

ረሺድ ነቁ። ሙንተሃ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። የናዚህ እናት ብድግ አለች። «ተለጣፊ! እኔም እኮ ከገባሁ ጀምሮ… በጥያቄ ቀን፣ ሰው ፊት፣ ተለጣፊ ጥርስ! ያገለገለ መኪና እንኳ ሲሸጥ ጉድለቱ ይነገራል! እኛን ነው እንዴ እንዲህ የምታታልሉን?» ናዚህ «እማዬ!» አለ፤ አልሰማችውም። አባቱ የተዘረጋ መዳፋቸውን የት እንደሚያደርሱት ጠፍቷቸው እንደቆሙ ቀሩ። ሻዛ እስከዚህች ደቂቃ ድረስ አፍራ ነበር። «የምታታልሉን» የሚለው ቃል እናቷን ጭምር ሲነካባት ግን እፍረቱ ጥሏት ሄደ።

«ያታለልኩት ማንንም አይደለም» አለች። «ጠዋት ጁማና ጸጉር ቤት ፎጣ ስር የተኛሁት እኔ ነኝ። ያሉትን ሁሉ ሰምቻለሁ። ከዚያ ነው ሄጄ ያስለጠፍኩት። ለእርስዎ ብዬ።»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ የናዚህ እናት የጠዋቱን ቃሏን አሁን ብትሮጥ አትደርስበትም። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ቀላ። ልትቀመጥ ስትል እጇ ወንበሩን ፈለገና ጭብጧ ተፈታ፤ የዱባ ዘሩ እንዳለ፣ በላብ እንደራሰ፣ ምንጣፉ ላይ ተበተነ። አንዷ እንኳ አልተፈለፈለችም።

«እኔስ መቼ ትፈታዋለች እያልኩ ነበር» አሉ ሐጃ ወሲላ። «ቤይሩት ሄዳ ጥርሷን ካሠራች ወዲህ አንዲት ዘር አልነከሰችም። ትቀበላለች፣ ትጨብጣለች፣ ሰው ዞር ሲል ቦርሳዋ ውስጥ ትጨምራለች። ቤቷ ሄዳ ለርግቦች ነው መሰለኝ የምትሰጠው!»

መጀመሪያ የሳቀው ናዚህ ነው። ቀጥለው አባቱ፣ ቀጥለው ረሺድ ምን እንዳሳቃቸው ሳያውቁ፣ ሙንተሃም ጭምር። ሻዛ ሳቋ ድንገት አመለጣት፤ እጇ ዘር ይዞ ስለነበር ወደ አፏ አልደረሰም። የተሰበረው ናሙና በአንድ በኩል እንደተንጠለጠለ፣ በሌላ በኩል ትናንሾቹ ጥርሶቿ እንደተገለጡ ሳቀች። ናዚህ ሳቁን አቁሞ አያት። «ዓመት ሙሉ የማውቀው እጇን ነው» አለ ለማንም ሳይሆን። «ጥርሷን ገና ዛሬ ማየቴ ነው።» ክራቫቱን ፈታ አደረገና «አባዬ፣ ቶሎ ፋቲሃውን ቅሩልን» አለ። የናዚህ አባት ፈቃድ ለመጠየቅ ወደ ረሺድ ዞሩ፤ ረሺድ ልጃቸውን አዩ፤ ሻዛ አንገቷን ነቀነቀች። ፋቲሃው ተቀራ። የናዚህ እናትም መዳፏን ዘርግታ ቀራች፤ ድምፅዋ ግን አልተሰማም።

ወንዶቹ ወደ በረንዳ ሲወጡ ሻዛ የቀረውን ናሙና ነቅላ በመሐረብ ጠቀለለችው። ከዚያ ሳህኗን ይዛ የናዚህ እናት አጠገብ ሄዳ ተቀመጠች። ተቆጥታ ነበር፣ አሁንም ቁጣው ሙሉ በሙሉ አልለቀቃትም፤ ግን ያ ምንጣፍ ላይ የተበተነ ዘር አሳዝኗታል።

«ዶክተሩ ሞርዶብሻል?» አለች የናዚህ እናት፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«አልሞረደም። ከላይ ብቻ ነው የለጠፈው።»

«እንዳታስነኪው። የእኔን ሞርደው ሞርደው የክብሪት እንጨት የምታክል ነው ያስቀሩልኝ። ውሃ ሲነካኝ ራሴን ይዤ ነው የምጠጣው። ከታች ያለው ጥርስ ጤነኛ ነበር እኮ፤ ትንሽ ጠመም ብሎ ነበር እንጂ ጤነኛ ነበር።» ምንጣፉ ላይ የተበተነውን ዘር አየች። «የጠዋቱን አፌን አላህ ይቅር ይበለው፣ ልጄ። አንቺም ከቻልሽ።»

ሻዛ አንድ የዱባ ዘር አንስታ በትናንሽ ጥርሶቿ መሃል ቀጭ አደረገችና ፍሬውን ሳይሰበር አውጥታ የናዚህ እናት መዳፍ ላይ አኖረችው። ደገመች። ሰለሰች። እጇ ፈጠነ። የናዚህ እናት የመጀመሪያዋን ፍሬ በምላሷ ሰብስባ ዓይኗን ጨፈነች፤ ሲከፈት እርጥብ ነበር። «ጨው በዝቶበታል» አለች። መዳፏን ግን አላነሳችም።

«ሰኞ ዶክተሩ ጋ እመለሳለሁ» አለች ሻዛ እየፈለፈለች። «በሙሊት አስሞላዋለሁ፤ ሳይሞረድ። አሁን ለእርስዎ ብዬ አይደለም፤ መስታወት ውስጥ ሳየው እኔው ራሴ ወድጄዋለሁ። እናቴንም ይዣት ነው የምሄደው።»

«መብትሽ ነው።» የናዚህ እናት የተጠራቀሙትን ፍሬዎች አየች፤ አንዱን በላች፤ ሌላውን በላች። «ከተሞላ በኋላ ግን ዘር ይፈለፈልበታል?»

«ዶክተሩ አይፈለፈልም ብሏል።»

የሐጃ ወሲላ ጥርስ ብቻ ቀጭ ቀጭ ይላል።

«ታዲያ ለእኔ ማን ሊፈለፍልልኝ ነው?» አለች የናዚህ እናት።

ሻዛ ሳቋን ለቀቀችው። እጆቿ ሁለቱም ሥራ ላይ ነበሩ፤ አላነሳቻቸውም። «እንግዲያውስ የዳርና ዳሩን ሁለቱን ብቻ አስሞላለሁ» አለች፤ «የመሃሎቹን ለእርስዎ ትቼልዎታለሁ።»

የናዚህ እናት ሳህኑን ወደ ሻዛ ጠጋ አደረገችላት።